በእንግሊዝ ቋንቋ የኀላፊ ግስ በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚገባበት ሥርዐት

መግቢያ።

ቋንቋ የልብ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ መንገዱን የሳተ እንደ ሆነ የላኪው ነገር ወደ ታሰበለት ቤት እንደማይደርስ፥ እንደዚሁም የቋንቋ ሥርዐት የፈረሰ እንደ ሆነ ተናጋሪው ያላሰበው ነገር በሰሚው ልብ ይገባል። እናንተ በገጠር ትምህርት ቤት የእንግሊዝ ቋንቋ የምትማሩ ልጆች ብዙ ቃል ታጠናላችሁ፤ የግሱንም ኀላፊ በቃላችሁ ትይዛላችሁ። ነገር ግን ሁለት ግሶች ባንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተገናኙ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ትሳሳታላችሁ። ይህም ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ጊዜን የሚመለከቱበት ስፍራ የተለያየ ስለ ሆነ ነው።

የነገሩ ክብደት እንዲታያችሁ አንድ ምሳሌ እናስቀድም። በደምበጫ መንገድ ዳር ባለ መንደር አንድ ልጅ ታመመ እንበል። አማርኛ የማያውቁ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሊያዩት መጡ፤ እንግሊዝኛ የሚማረው ታላቅ ወንድሙም አስተርጓሚ ሆነ። ሕመምተኛው «ታምሜአለሁ» አለ። ወንድሙም ቃሉን እንዳለ መልሶ «ሂ ሴድ ዛት አይ አም ሲክ» ብሎ ለሐኪሙ ነገረ። ሐኪሙም ይህን በሰሙ ጊዜ የተኛውን ልጅ ትተው የአስተርጓሚውን እጅ ይዘው የደም ሥሩን መቍጠር ጀመሩ። አስተርጓሚው አንድም ቃል አልዋሸም፤ ቃሎቹም ሁሉ የእንግሊዝ ቃሎች ናቸው። ግን በተናገረው መሠረት የታመመው እርሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ወደ ታች ይገለጻል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛው ምሳሌ ሁሉ ድምፁ እንዲታወቅ በፊደላችን ተጽፏል። ተማሪዎችም አስተማሪያቸው በሰሌዳ ላይ በእንግሊዝ ፊደል ሲጽፉላቸው ወደ ደብተራቸው ይገልብጡት።

1ኛ። ስለ ማሰሪያና ስለ ጥገኛ።

በጎጃም የቅኔ ቤቶች፥ በእነ ዋሸራና በእነ ጎንጅ፥ ተማሪው የንግግሩን ማሰሪያ አንቀጽ ለይቶ ማወቅን ይማራል። ማሰሪያ የተባለበትም ምክንያት ነዶ በገመድ እንደሚታሰር ንግግሩም በእርሱ ስለሚታሰር ነው። «ገበያ ስሄድ ወንድሜን አገኘሁት» ባልን ጊዜ ማሰሪያው «አገኘሁት» የሚለው ነው። አንድ ሰው «ገበያ ስሄድ» ብሎ ዝም ቢል ሰሚው «ስትሄድ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ነገሩ አልታሰረምና። እንዲህ ብቻውን መቆም የማይችለውን ክፍል ጥገኛ ዐረፍተ ነገር እንለዋለን።

እንግሊዝኛም ማሰሪያና ጥገኛ አለው። ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ በአማርኛ አገናኙ ፊደል ወይም ቃል ከግሱ ጋራ ይጣበቃል፤ «ስ-ሄድ»፥ «ስለ-ታመመ»፥ «እንደ-መጣ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን አገናኙ ከግሱ ተለይቶ በጥገኛው ዐረፍተ ነገር ራስ ላይ ይቆማል፤ «ዌን» ማለት «ጊዜ»፥ «ቢኮዝ» ማለት «ስለ»፥ «ቢፎር» ማለት «በፊት»፥ «አፍተር» ማለት «በኋላ»፥ «ኢፍ» ማለት «ቢ» ወይም «ከ» ነው። ሁለተኛ፥ በአማርኛ ጥገኛው ይቀድማል፥ ማሰሪያውም መጨረሻ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን ጥገኛው ቢቀድምም ቢከተልም ይቻላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ማሰሪያውን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ብቻ አትፈልጉ፤ በራሱ ላይ አገናኝ የሌለበትን ክፍል ፈልጉ፥ ማሰሪያው በዚያ ይገኛል።

2ኛ። ጥገኛው ግስ ጊዜውን ከወዴት እንደሚያገኝ።

እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ልብ አድርጋችሁ አንብቡ።

ገበያ ስሄድ ወንድሜን አገኘሁት።
ገበያ ስሄድ ወንድሜን አገኘዋለሁ።
ገበያ ስሄድ ሁልጊዜ ወንድሜን አገኘው ነበር።

የመጀመሪያው ያለፈ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ገና የሚመጣ ነው፤ ሦስተኛው ድሮ የተለመደ ነው። ነገር ግን «ስሄድ» የሚለው ቃል በሦስቱም አንድ ነው፥ ከቶ አልተለወጠም። በአማርኛ እንዲህ ያለው ጥገኛ ግስ እንደ ጥጃ ነው፤ የራሱ መንገድ የለውም፥ እናቱ ወደ ሄደችበት ይከተላል። እናቲቱም ማሰሪያው ናት።

የእንግሊዝኛው ሥርዐት ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ግሶች ባንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። ማሰሪያው ወደ ኀላፊ የዞረ እንደ ሆነ ጥገኛውም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል።

ዌን አይ ዌንት ቱ ማርኬት፥ አይ ሜት ማይ ብራዘር።

«ዌንት» የ«ጎ» ኀላፊ ነው፤ «ሜት» ደግሞ የ«ሚት» ኀላፊ ነው። ብዙ ተማሪዎች ግን «ስሄድ» የሚለውን የትንቢት መልክ እያዩ «ዌን አይ ጎ ቱ ማርኬት፥ አይ ሜት ማይ ብራዘር» ብለው ይጽፋሉ። ይህም አንዱን በሬ ወደ ቀኝ፥ አንዱን ወደ ግራ እንደ መንዳት ነው፤ ትልሙ ይጣመማል።

ነገሩ ባንድ ቃል እንዲጠቃለል እንዲህ አስቡ። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ዛሬ በተባለ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ሁሉ ከዚያው ሆኖ ይመለከታል፤ ያለፈውም ሁሉ ከኋላው ስለ ሆነ እያንዳንዱን ግስ ኀላፊ ያደርገዋል። አማርኛ የሚናገር ሰው ግን ከጉብታው ወርዶ ነገሩ በተደረገበት ስፍራ ይቆማል፤ በዚያም ቆሞ የሚያየውን «ስሄድ፥ ስናርስ፥ ሲመጣ» እያለ በዓይኑ ፊት እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ከዚህ በታች የሚመጣው ሥርዐት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ካንዱ ነገር የተነሣ ነው።

በመካከል ሲደረግ የነበረ ሥራም የኀላፊ መልክ አለው። «ስናርስ ዝናም መጣ» የሚለው በእንግሊዝኛ «ዋይል ዊ ዌር ፕላዊንግ፥ ዘ ሬይን ኬም» ይባላል። «ዌር» የ«አር» ኀላፊ ነው፤ ማረሱ ገና አላለቀም ነበርና «ፕላዊንግ» ተጨመረበት።

3ኛ። ስለ «ሳይ» እና ስለ «ቢፎር»።

«ዝናም ሳይመጣ ጤፉን ሰበሰብን» ባልን ጊዜ በአማርኛ አፍራሽ ቃል እንጠቀማለን። ምክንያቱም ጤፉን በሰበሰብንበት ሰዓት ቆመን ስናይ ዝናሙ ገና አልመጣም ነበር። እንግሊዝኛ ግን ከዛሬ ጉብታ ላይ ሆኖ ሲያይ ዝናሙ በኋላ መጥቷልና አፍራሹን አይቀበልም።

ዊ ጋዘርድ ዘ ቴፍ ቢፎር ዘ ሬይን ኬም።

ቃል በቃሉ «ዝናሙ ከመጣበት በፊት» እንደ ማለት ነው። «ቢፎር ዘ ሬይን ዲድ ኖት ካም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ስለዚህ «ሳይበላ ሄደ» የሚለውን ቃል ስትተረጕሙ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሰውዬው በኋላ በልቷልን? በልቶ እንደ ሆነ «ቢፎር ሂ ኤት» በሉ። ከቶ ሳይበላ የቀረ እንደ ሆነ ግን «ዊዛውት ኢቲንግ» በሉ። የእኛ «ሳይ» ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ይለያቸዋል።

4ኛ። ከሁለት ያለፉ ነገሮች አስቀድሞ ስለ ተደረገው።

ከጉብታ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ሁለት ዛፎች ቢያይ አንዱ ቅርብ፥ አንዱ ሩቅ ይሆናል። እንግሊዝኛም ሁለት ያለፉ ነገሮችን ሲያይ የቅርቡን በተራ ኀላፊ ይናገራል፤ ከእርሱ በፊት የተደረገውን ግን «ሃድ» በሚለው ቃል ይለየዋል። አማርኛም «ነበር» በሚለው ቃል ይህንኑ ያደርጋልና ይህ ክፍል ለእናንተ አይከብድም።

ገበያ ስደርስ አባቴ በርበሬውን ሸጠ።
ዌን አይ አራይቭድ አት ዘ ማርኬት፥ ማይ ፋዘር ሶልድ ዘ ፔፐር።

ገበያ ስደርስ አባቴ በርበሬውን ሸጦ ነበር።
ዌን አይ አራይቭድ አት ዘ ማርኬት፥ ማይ ፋዘር ሃድ ሶልድ ዘ ፔፐር።

በመጀመሪያው ልጁ ደረሰ፥ አባትየውም ከዚያ ሸጠ፤ ልጁ ዋጋውን ሰምቷል። በሁለተኛው ግን ሽያጩ አስቀድሞ አልቋል፤ ልጁ ዋጋውን አልሰማም። በምስክርነት ፊት ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ «አየሁ» እና «ሆኖ ቆየኝ» አንድ አይደሉምና።

አሁንም ከአገራችሁ ታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፥ በደምበጫ አጠገብ በወንዝ ዳር ሰፍሮ ከነበረው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሻለቃ ጦር ጋራ ተዋጋ። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ እንዲህ ነው።

ዌን ዚ ኢታልያንስ ሪችድ ዘ ሪቨር፥ ዚ ኢትዮፕያንስ ሃድ ካምፕድ ዜር።

«ሃድ» የሚለውን ቃል አንሥተን «ካምፕድ ዜር» ብቻ ብንል ግን ኢጣልያኖቹ ወንዙ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ማለት ይሆናል። ባንድ አጭር ቃል ጕድለት ቀድሞ የሰፈረው ዘግይቶ የመጣ ሆነ፤ የታሪኩም ሥርዐት ተገለበጠ።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። ከ«ሃድ» በኋላ የሚመጣው የግሱ ሦስተኛ መልክ ነው፤ «ሃድ ጎን» እንጂ «ሃድ ዌንት» አይባልም። ደግሞም «አፍተር» እና «ቢፎር» የነገሩን ቅደም ተከተል ራሳቸው ስለሚገልጹ ከእነርሱ ጋራ «ሃድ» ቢቀር ስሕተት አይሆንም። ሦስተኛም፥ አንድ ያለፈ ነገር ብቻ የተናገራችሁ እንደ ሆነ «ሃድ» አታስገቡ፤ ሩቅ የሚባለው ከቅርብ ጋራ ሲተያይ ነውና።

5ኛ። የሌላውን ሰው ቃል ስለ መናገር።

እነሆ ወደ ታመመው ልጅ ነገር ተመለስን። በአማርኛ የሌላውን ሰው ቃል ስናወራ ቃሉን ከአፉ እንደ ወጣ እንይዘዋለን፤ «ታምሜአለሁ አለ» እንላለን። እኛ በተናጋሪው ስፍራ ቆመን በእርሱ አፍ ስለምንናገር «ታምሜአለሁ» የሚለው ቃል እኔን ሳይሆን እርሱን እንደሚያመለክት ሰሚው ሁሉ ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን «ዛት» የሚለውን አገናኝ ካስገባ በኋላ ከጉብታው አይወርድም። ስለዚህ በዚያ ያለው «አይ» ማለት «እኔ» የአሁኑን ተናጋሪ፥ ማለት አስተርጓሚውን ያመለክታል። ሐኪሙ የተሳሳቱት ስለዚህ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነበር።

ሂ ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ሲክ።

በዚህ ሁለት ነገር ተለወጠ። «አይ» ወደ «ሂ» ተለወጠ፤ «አም» ደግሞ ወደ ኀላፊው ወደ «ዎዝ» ተለወጠ፥ ማሰሪያው «ሴድ» ኀላፊ ነውና። ይህም ሕመሙ አልፏል ማለት አይደለም፤ ጥገኛው ከማሰሪያው ጋራ ባንድ ቀንበር ተጠመደ ማለት ብቻ ነው። ሌሎቹም እንዲህ ይለወጣሉ።

«አም» እና «ኢዝ» ወደ «ዎዝ»፤
«አር» ወደ «ዌር»፤
«ዊል» ወደ «ዉድ»፤
«ካን» ወደ «ኩድ»፤
«ሜይ» ወደ «ማይት»፤
«ሃቭ» እና «ሃዝ» ወደ «ሃድ»።

አስቀድሞ ኀላፊ የነበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሃድ» ይጨመርበታል፤ «መጣሁ አለ» የሚለው «ሂ ሴድ ዛት ሂ ሃድ ካም» ይሆናል። የቀን ስምም እንዲሁ ይለወጣል። «እኅቴ ነገ እመጣለሁ አለችኝ» የሚለው «ማይ ሲስተር ቶልድ ሚ ዛት ሺ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ» ይባላል፤ እኅትየዋ ነገ ያለችው ቀን ለሚያወራው ሰው ነገ ላይሆን ይችላልና «በማግሥቱ» ተባለ።

ከዚህም ሥርዐት ውጭ የሚሆን አለ። ዘወትር እውነት ስለ ሆነ ነገር በምንናገርበት ጊዜ ጥገኛውን ወደ ኀላፊ አለመለወጥ ይቻላል። አስተማሪያችን «ዓባይ ከሰከላ ይመነጫል» ብለው ያስተማሩን እንደ ሆነ «ኣወር ቲቸር ሴድ ዛት ዚ ኣባይ ራይዝስ ኢን ሰከላ» እንላለን፤ አስተማሪው ቢናገሩም ባይናገሩም ግሽ ዓባይ ዛሬም በሰከላ ይፈልቃልና። ደግሞም ማሰሪያው ራሱ የአሁን ጊዜ የሆነ እንደ ሆነ ጥገኛው ወደ ኀላፊ አይሳብም። በሐኪም ፊት የሚያስተረጕም ልጅ «ሂ ሴዝ ዛት ሂ ኢዝ ሲክ»፥ ማለት «ታምሜአለሁ ይላል» ቢል ከሁሉ ይሻለዋል።

6ኛ። መልኩ ኀላፊ ሆኖ ያለፈ ነገር ስላልሆነ ግስ።

በአማርኛ «ከመጣ እነግረዋለሁ» እንላለን፤ እንደዚሁም «በመጣ ጊዜ እነግረዋለሁ» እንላለን። «መጣ» የኀላፊ መልክ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ገና አልመጣም። ጥጃው እናቱን ስለሚከተል በ«እነግረዋለሁ» ምክንያት መምጣቱ ወደ ፊት እንደ ሆነ እናውቃለን። በእንግሊዝኛ ግን በዚህ ስፍራ የአሁን ጊዜ ግስ ይገባል።

ኢፍ ሂ ካምስ፥ አይ ዊል ቴል ሂም።

ተማሪው «መጣ» የሚለውን አይቶ «ኢፍ ሂ ኬም» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ፍቺው ይለወጣል፤ የሚያነበው ሰው «አይመጣም እንጂ ቢመጣ» ማለቱ ነው ብሎ ያስባል። እንግሊዝኛ እውነት ያልሆነውን ወይም የማይጠበቀውን ነገር በኀላፊ መልክ ይናገራልና። ከጉብታው የራቀ ሁሉ፥ በጊዜ ቢሆን ወይም በእውነት ቢሆን፥ አንድ መልክ ይለብሳል።

ኢፍ አይ ሃድ መኒ፥ አይ ዉድ ባይ ኤን ኦክስ።
ገንዘብ ቢኖረኝ በሬ እገዛ ነበር።

ይህ ስለ ዛሬ የተነገረ እንጂ ስለ ትናንት የተነገረ አይደለም፤ ዛሬ ገንዘብ የለኝም ማለት ነው። በዚህም አትደነቁ፤ የእኛም ቋንቋ «እገዛ ነበር» ሲል የኀላፊውን «ነበር» ያልሆነን ነገር ለማመልከት አስገብቶታል። ነገሩ ያለፈና ያልሆነ ሲሆን ግን እንግሊዝኛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጨምራል።

ኢፍ ሂ ሃድ ካም፥ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም።
ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር።

7ኛ። ልምምድ።

እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። አስቀድማችሁ ከማሰሪያው በታች መስመር አስምሩ፤ ኀላፊ መሆኑንም መርምሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጥገኛው ሂዱ።

1. ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር።
2. ስለ ታመመ ከቤት ዋለ።
3. ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን።
4. ወንድሜ «በሬው ጠፋ» አለ።
5. ፍኖተ ሰላም ስሄድ መጽሐፍ እገዛለሁ።

መልሱ ይህ ነው።

1. ዌን አይ አራይቭድ አት ስኩል፥ ዘ ቤል ሃድ ራንግ። (ሦስተኛው መልክ «ራንግ» ሳይሆን «ረንግ» ነውና «ሃድ ረንግ» ብሎ ማረም ይገባል፤ የጻፍነው ሆን ብለን ዓይናችሁን ለመፈተን ነው።)
2. ሂ ስቴይድ አት ሆም ቢኮዝ ሂ ዎዝ ሲክ።
3. ዊ ጎት ሆም ቢፎር ዘ ሰን ሴት።
4. ማይ ብራዘር ሴድ ዛት ዚ ኦክስ ሃድ ጎን ሚሲንግ።
5. ዌን አይ ጎ ቱ ፍኖተ ሰላም፥ አይ ዊል ባይ ኤ ቡክ። በዚህ ማሰሪያው ወደ ፊት ስለ ሆነ «ዌንት» አልተባለም።

መደምደሚያ።

ይህን ሁሉ ስለ ምን እንማራለን የሚል ልጅ ቢኖር ሁለት ነገር እንመልስለታለን። መጀመሪያ፥ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በግስ ጊዜ የሚሳሳት ተማሪ የታሪኩንም የሳይንሱንም መጽሐፍ አጣሞ ይረዳል። ሁለተኛ፥ በሁለት ቋንቋ መካከል የሚቆም ሰው አደራ አለበት። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተደረገው ውል 17ኛ አንቀጽ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ አማካይነት መነጋገር ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ግዴታ አደረገባቸው። ባንድ ግስ ፍቺ የተነሣው ክርክር ከጦርነቱ ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ ፍጻሜውም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ታየ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከአንዱ ቋንቋ ወደ አንዱ ስትሻገሩ ቃሉን ብቻ ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ የቆማችሁበትንም ስፍራ ለውጡ። አማርኛ ስትናገሩ ነገሩ ወደ ተደረገበት ውረዱ፤ እንግሊዝኛ ስትናገሩ ግን ከዛሬ ጉብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ይህን ያደረገ ተማሪ ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር አጥምዶ ትልሙን ሳያጣምም ያርሳል።